ድምፅ እስከ የት ይደርሳል?
የሽቦ አልባ መልእክት ርቀት የሰፋበት ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ገደል ለገደል ሆነው የሚጠራሩ ሁለት ሰዎችን ሳያይ አልቀረም። ከብት የጠፋበት ወይም አስቸኳይ ወሬ የያዘ ሰው ድምፁን ለማሰማት የሚያደርገውን እናስታውስ። በመጀመሪያ ወደ ጉብታ ይወጣል፤ ከከፍታ የተጣራ ከሸለቆ ከተጣራ ይልቅ ርቆ እንደሚሰማ ያውቃልና። ቀጥሎ ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጥሪውን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ብቻ ይልካል። ነፋስ ካስቸገረው አመሻሹ ጸጥ እስኪል ይጠብቃል። ይህም ካልበቃ በመካከል ያለ እረኛ ሰምቶ ለማዶኛው እንዲያቀብልለት ይለምናል። ከሁሉም በላይ ግን ከማዶ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ መሆኑን አይስተውም።

የሽቦ አልባ መልእክት ርቀት የሰፋበት ታሪክም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች በብዙ ወጪና በብዙ ስሕተት የደረሱባቸው ዋና ዋና መንገዶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የሰማዩን ጠባይ ማወቅና ቅብብሎሽ ናቸው። በየጊዜው የተዘነጋው ደግሞ አምስተኛው፣ ማለትም ሰሚው ነው። ይህ ጽሑፍ ታሪኩን ከመነሻው በመከተል አምስቱን ነገሮች ለመምህራንና ለተማሪዎች ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከክፍል ውስጥ እስከ ኮረብታው ማዶ

የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል በሞገድ መልክ በጠፈር ሊጓዝ እንደሚችል በሒሳብ ያስረዳው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ክላርክ ማክስዌል ነው፤ ጊዜውም 1865 ነበር። ማክስዌል በወረቀት ያሳየውን በተግባር ያረጋገጠው ደግሞ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርዝ ነው። ኸርዝ ከ1886 እስከ 1888 በካርልስሩኸ ከተማ ባደረገው ሙከራ በአንድ መሣሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈጥር ጥቂት ሜትር ርቆ በቆመ የሽቦ ቀለበት ላይ ትንሽ ብልጭታ ታየ። የሽቦ አልባ መልእክት የመጀመሪያ ርቀት እንግዲህ ከአንድ ክፍል ስፋት አይበልጥም ነበር።

ከኸርዝ በኋላ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ፣ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፖፖቭና ሕንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ በዚሁ ሞገድ ላይ ከፍ ያለ ምርምር አድርገዋል። ስለዚህ ራዲዮን አንድ ሰው ብቻውን ፈለሰፈው ብሎ ማስተማር ትክክል አይሆንም። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ርቀትን ዋና ጉዳዩ አድርጎ የተነሣው ጣልያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነበር። ማርኮኒ በ1895 በቦሎኛ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በፖንቴኪዮ በቤተሰቡ ርስት ላይ ሙከራውን ሲያካሂድ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

ወጣቱ በመጀመሪያ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ቀጥሎም በአትክልቱ ቦታ ላይ ምልክት አስተላለፈ። ወደፊት የገፋው ግን ብልጭታውን በማጉላት ብቻ አልነበረም። ከማስተላለፊያው የወጣውን አንዱን ሽቦ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ሌላውን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘው። በመቀበያውም ላይ እንዲሁ አደረገ። ያን ጊዜ ርቀቱ ወደ 2 ኪሎሜትር ገደማ ከፍ አለ። ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ማዶ ሄደ፤ ምልክቱ ሲደርሰውም ጠብመንጃ ተኩሶ አሳወቀ። ሞገዱ ለዓይን የማይታየውን ሰው አግኝቶታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ተማሪው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው የሽቦ አልባ መልእክት መድረሱ የታወቀው ከማዶ በተተኮሰ ጥይት ድምፅ፣ ይኸውም በሰሚው ምስክርነት ነው።

ማርኮኒ በ1896 ወደ ለንደን ሄዶ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1897 በብሪስቶል የባሕር ወሽመጥ ላይ ከፍላት ሆልም ደሴት ወደ ላቨርኖክ ወደ 6 ኪሎሜትር፣ በ1899 ደግሞ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ወደ 50 ኪሎሜትር አስተላለፈ። በ1900 ያገኘው 7777 ቁጥር የፈጠራ መብት ሌላ ችግር የሚፈታ ነበር። በዚያን ዘመን የነበረው ማስተላለፊያ እንደ ገበያ ጩኸት በብዙ የሞገድ ርዝመት ላይ በአንድ ጊዜ ይበተን ስለነበር ሁለት ጣቢያዎች ተቀራርበው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ያበላሻል። አዲሱ ዘዴ ማስተላለፊያውና መቀበያው በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ እንዲስማሙ አደረገ። በዛሬው ራዲዮ ላይ ጣቢያ ስንፈልግ ቁልፉን የምናዞረው ለዚሁ ነው።

ለክፍል የሚሆን ስሌት

ከፍታ ምን ያህል እንደሚረዳ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ምድር ክብ ስለሆነች ከፍ ብሎ የቆመ ሰው አድማሱ ይሰፋለታል። በሜዳ ወይም በባሕር ላይ አድማሱ በኪሎሜትር ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ የከፍታውን ሜትር ሁለተኛ ሥር አውጥቶ በ3.57 ማባዛት ነው። 100 ሜትር ከፍታ ወደ 36 ኪሎሜትር ያሳያል፤ 400 ሜትር ከፍታ ወደ 71 ኪሎሜትር ያሳያል። እንግዲህ አድማሱን እጥፍ ለማድረግ ከፍታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ኃይልም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በኃይል ብቻ ርቀትን እገዛለሁ የሚል ሰው ስለዚህ ኪሱ ቶሎ ይራቆታል።

ውቅያኖሱን የተሻገሩት ሦስት ነጥቦች

በ1901 ማርኮኒ አትላንቲክን ለማሻገር ባሰበ ጊዜ ብዙ የፊዚክስ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው ደካማ አልነበረም። ሞገዱ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በፖልዱና በካናዳ በኩል ባለችው በኒውፋውንድላንድ መካከል ያለው የምድር ጉብታ ይጋርደዋል። ርቀቱ ወደ 3,500 ኪሎሜትር ሲሆን ጉብታው በመካከሉ ወደ 240 ኪሎሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ከፍታ ያለው ማማ ደግሞ ማንም ሊሠራ አይችልም።

በፖልዱ የተተከሉትን 20 ምሰሶዎች ማዕበል ጣላቸው፤ በሁለት ምሰሶ ብቻ ሥራው ቀጠለ። በሴንት ጆንስ ከተማ በሲግናል ሂል ላይ ደግሞ የመቀበያው ሽቦ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት ተሰቀለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1901፣ ከቀትር በኋላ፣ ማርኮኒና ረዳቱ ጆርጅ ኬምፕ ሦስት አጫጭር ምት፣ ይኸውም በሞርስ ፊደል “ኤስ” የሚለውን ምልክት እንደሰሙ አስታወቁ። ከሁለቱ ሌላ ምስክር ስላልነበረ እስከ ዛሬ የሚጠራጠሩ አሉ። በየካቲት 1902 ግን ማርኮኒ ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ሲጓዝ ምልክቱ በማሽን ወረቀት ላይ እየተጻፈ፣ መኮንኖቹ እያዩ፣ በሌሊት ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ መድረሱ ተረጋገጠ። ያን ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ታየ፤ በቀን የሚሰማው ወደ 1,100 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ማታ ማታ የሩቅ አገር ጣቢያ በራዲዮ ጠርቶ የሚሰማበትን ምክንያት የሚጠይቅ ተማሪ ይህንኑ የ1902 ጥያቄ መጠየቁ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ያለው አርተር ኬኔሊና እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በየበኩላቸው፣ በከፍተኛው የአየር ክፍል ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልስ ሽፋን ሳይኖር አይቀርም አሉ። ይህን ሽፋን በ1924 በሙከራ ያረጋገጠው ኤድዋርድ አፕልተን ሲሆን በ1947 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ዛሬ አዮኖስፌር ብለን እንጠራዋለን። የፀሐይ ጨረር በቀን የታችኛውን ንብርብር ስለሚያጠነክረው መካከለኛውና ረጅሙ ሞገድ በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል፤ ሞገዱም ወደ ላይኛው ደርሶ እየነጠረ ሩቅ ይሄዳል። እረኛው ነፋሱ እስኪበርድ እንደሚጠብቅ ሁሉ የራዲዮ ባለሙያም ሰማዩ እስኪመቻች ይጠብቃል።

የተኛው ጆሮ

ርቀት ሲሰፋ ሰው ሁሉ ስለ ማስተላለፊያው ኃይል ብቻ ያወራ ነበር። በሚያዝያ 1912 የሆነው አደጋ የመቀበያውን ወገን አስታወሰ። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ሚያዝያ 14 ቀን ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40፣ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች። የራዲዮ መሣሪያዋ በጊዜው ከነበሩት ብርቱዎች አንዱ ነበር። ከሁሉ ይልቅ በቅርብ ከነበሩት መርከቦች አንዷ ካሊፎርኒያን ስትሆን፣ የራዲዮ ሠራተኛ የነበራት አንድ ብቻ ነው። እርሱም የቀኑን ሥራ ጨርሶ፣ ግጭቱ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቷል። ጥሪውን የሰማው ወደ 107 ኪሎሜትር ርቃ የነበረችው የካርፓቲያ ሠራተኛ ነው፤ እርሱም ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ሳለ ማዳመጫውን ከጆሮው ስላላነሣ ነበር። ካርፓቲያ ሌሊቱን ገስግሳ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችን አዳነች፤ ወደ 1,500 የሚጠጉት ግን አልቀዋል።

ከዚህ በኋላ በ1914 በለንደን የተፈረመው ስለ ባሕር ላይ የሕይወት ደኅንነት የሚናገረው ስምምነት፣ መርከቦች ቀንና ሌሊት የሚያዳምጥ ዘበኛ እንዲኖራቸው ደነገገ። ሕጉ ለማንም አንድ ኪሎዋት ኃይል አልጨመረም፤ አንድ ሜትር ማማም አላቆመም። ያደረገው ጆሮ መጨመር ነው። የሽቦ አልባውን ጠቃሚ ርቀት ግን ከብዙ ማማዎች ይበልጥ አስፍቶታል።

ማማዎችና ቅኝ ግዛቶች

የአውሮፓ መንግሥታት በዚያን ጊዜ ሽቦ አልባን የያዙት ለሌላ ዓላማ ነበር። የባሕር ሥር የቴሌግራፍ መስመር አብዛኛው በእንግሊዝ እጅ ስለነበር ጀርመን በጦርነት ጊዜ ከቅኝ ግዛቶቿ ጋር እንዳትቆራረጥ ሠጋች። ስለዚህ በበርሊን አቅራቢያ ካለችው ከናውን ጣቢያ ወደ 5,000 ኪሎሜትር በምትርቀው በቶጎ፣ ካሚና በተባለች ቦታ፣ ታላቅ ጣቢያ ሠራች። ካሚና የቅብብሎሽ ማዕከል ነበረች፤ ከናውን የመጣውን ተቀብላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶችና በአትላንቲክ ወደነበሩ መርከቦች ታስተላልፍ ነበር። በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ዊንድሁክ፣ በምሥራቅ አፍሪካም ዳሬሰላም የየራሳቸው ጣቢያ ነበራቸው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በአፍሪካ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች እነዚህ ማማዎች መሆናቸው አያስደንቅም። ነሐሴ 8 ቀን 1914 አስትሪያ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የዳሬሰላምን የራዲዮ ጣቢያ በመድፍ ደበደበች። በቶጎ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ከሁለት በኩል ሲገፋ ጀርመኖቹ ነሐሴ 24 ለ25 ሌሊት ካሚናን በገዛ እጃቸው አፈረሱ። ዊንድሁክም በግንቦት 1915 በደቡብ አፍሪካ ጦር ተያዘች። የዓመታት ሥራና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መረብ መካከለኛው ቀለበት ሲበጠስ ጠቅላላው ከንቱ ሆነ። የቅብብሎሽ ጥቅሙም ድክመቱም ከዚህ ይታያል።

የቀረው ኃይለኛ ጣቢያ ናውን ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ በ1917 ታየ። ለምሥራቅ አፍሪካው የጀርመን ጦር ስንቅና መሣሪያ የጫነች ኤል 59 የተባለች የአየር መርከብ ከቡልጋሪያ ተነሥታ ሜዲትራኒያንንና የግብፅን በረሃ ተሻገረች። ሱዳን ላይ፣ ከካርቱም በስተ ምዕራብ ስትደርስ፣ ከናውን ከ4,000 ኪሎሜትር በላይ አቋርጦ የመጣው መልእክት እንድትመለስ አዘዛት፤ ተመለሰችም። ርዳታው ይላክላቸው የነበሩት ወታደሮች ግን በርቀት ላይ ሆነው መልስ የሚሰጡበት መሣሪያ አልነበራቸውም። ከአንድ ወገን ብቻ የሚነገር ቃል ትእዛዝ እንጂ ውይይት ሊሆን አይችልም።

አይረባም የተባለው ሞገድ

በዚያን ዘመን የነበረው እምነት ሞገዱ ሲረዝም ርቀቱ ይረዝማል የሚል ነበር። በዚህ እምነት መሠረት የአሜሪካ መንግሥት በ1912 ባወጣው ሕግ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለጨዋታ በራዲዮ የሚሠሩትን አማተሮች ከ200 ሜትር በታች ወዳለው አጭር ሞገድ ገፋቸው። አጭሩ ሞገድ ከአካባቢ የማያልፍ፣ የማይረባ ተብሎ የተናቀ ስለነበር ለአማተሮቹ መተው ጉዳት ያለው አልመሰለም።

አማተሮቹ ግን በተጣለላቸው ላይ ሠሩበት። በታኅሣሥ 1921 ከአሜሪካ በትንሽ ኃይል የተላኩ ምልክቶች በእስኮትላንድ ተሰሙ። በኅዳር 1923 ደግሞ በፈረንሳይ በኒስ ከተማ የነበረው ሌኦን ዴሎይና በአሜሪካ የነበረው ፍሬድ ሽኔል ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ሞገድ በሁለቱም ወገን እየተነጋገሩ ውቅያኖሱን ተሻገሩ። አጭሩ ሞገድ በመሬት ላይ ሲሄድ ቶሎ ይደክማል፤ ወደ ሰማይ የወጣው ግን ከአዮኖስፌር እየነጠረ አህጉር ያቋርጣል። ጉልበት የነበራቸው መንግሥታትና ኩባንያዎች ታላላቅ ማማ ሲያቆሙ፣ ጉልበት ያልነበራቸው ሰዎች የሰማዩን ጠባይ አወቁ።

ማርኮኒም ትምህርቱን ፈጥኖ ወሰደ። ከመሐንዲሱ ቻርልስ ፍራንክሊን ጋር አጭሩን ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚልክ አንቴና አዘጋጀ። በዚህ ዘዴ ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ በ1926፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ በ1927 አገልግሎት ተከፈተ። ከረጅሙ ሞገድ ጣቢያዎች በእጅጉ ባነሰ ኃይልና ወጪ ስለሚሠራ የባሕር ሥር መስመር ኩባንያዎችን ገቢ አናጋ። በእጁ አፉን ከልሎ ወደ አንድ ወገን የሚጣራው ሰው ብልሃት እንግዲህ በመሐንዲሶች ዘንድ በዚህ መልክ ሥራ ላይ ዋለ።

አቃቂ፣ 1935

አጭር ሞገድ ባይገኝ ኖሮ ኢትዮጵያ በ1935 ለዓለም በራሷ አፍ ልትናገር ባልቻለች ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ የተተከለውን የራዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ነበር። ጣቢያው ሥራ በጀመረበት ዓመት የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ይከማች ነበር። በታኅሣሥ 1934 ወልወል ላይ ከደረሰው ግጭት ወዲህ ወራሪው ራሱን ተበዳይ አድርጎ በዓለም ጋዜጦች ይጮህ ስለነበር፣ ጩኸቴን ቀሙኝ የሚለው አባባል የደረሰ ይመስል ነበር።

በመስከረም 1935 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ በራዲዮ ለአሜሪካና ለሌላው ዓለም ሕዝብ ስለ ሰላም ተናገሩ። ለጦርነቱ ወሬ ወደ አዲስ አበባ የጎረፉት የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን በዚሁ ጣቢያ በኩል ያስተላልፉ ነበር። በኃይል ከአውሮፓ ጣቢያዎች ጋር የማይወዳደር ጣቢያ ሰማዩን ተመርኩዞ ውቅያኖስ ተሻገረ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወረራው ተጀመረ። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ያወጣው የንግድ ማዕቀብ ዋናውን ነገር፣ ነዳጅ ዘይትን፣ አልነካም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ድምፁ ደርሶ ነበር፤ ርዳታው ግን አልደረሰም።

ማርኮኒስ ያን ጊዜ የት ነበር? ዕድሜውን ሁሉ ሰውን ከሰው ለማገናኘት የደከመው ሰው ከ1923 ጀምሮ የፋሺስት ፓርቲ አባል፣ ከ1930 ጀምሮም የኢጣሊያ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። በ1935 ወረራውን ደግፎ በውጭ አገር ተከራከረለት። ወደ ለንደን በሄደ ጊዜም ስለዚሁ ጉዳይ በቢቢሲ ራዲዮ ለመናገር ጠይቆ አልተፈቀደለትም። በገዛ ሥራው የተከፈተ በር በፊቱ ተዘጋበት። በሐምሌ 1937 ሲሞት የእንግሊዝ የራዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ብለው አክብረውታል። የታሪክ መምህር ሁለቱንም፣ ክብሩንም ጥፋቱንም፣ ሳይቀንስ ሊያስተምር ይገባዋል። ሞገድ ማን እንደላከው አይለይም፤ የሚለየው ሰው ነው።

ወደ አድማጩ የቀረበ ጣቢያ

ከነፃነት በኋላ በ1941 የአዲስ አበባ ራዲዮ እንደገና ተቋቋመ። በየካቲት 1963 የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው ራዲዮ ብሥራተ ወንጌል እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ማሰራጨት ጀመረ፤ በመጋቢት 1977 በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። በባላገሩ ቤት ግን ትልቁን ለውጥ ያመጣው የማሰራጫው ኪሎዋት አልነበረም። በ1947 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር መቀበያውን አነስተኛና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አደረገው። መብራት ያልገባበት ቀበሌ ጆሮ አገኘ። ለትምህርት በራዲዮ ደግሞ በየአካባቢው አነስተኛ ማሰራጫዎች ተተክለው ትምህርቱ ወደ ክፍሉ ቀረበ። በዚያ ዘመን ያስተማሩ መምህራን ተማሪዎቹ ራዲዮኑን ከብበው የሚያዳምጡበትን ሰዓት ያስታውሳሉ።

በዚያው በ1947 በዚያው ቤተ ሙከራ የወጣ ሌላ ሐሳብ ነበር። አንድ ትልቅ ማሰራጫ ከተማውን ሁሉ ከሚሸፍን ይልቅ፣ ከተማው በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በየክፍሉ አነስተኛ ጣቢያ ቢቆምና ተናጋሪው ሲንቀሳቀስ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢተላለፍስ የሚል ነው። በ1973 የመጀመሪያው የእጅ ስልክ በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ተሞከረ፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ1999 የሞባይል አገልግሎት አገኘች። ብዙ ተማሪ ሞባይሉ ራሱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚደርስ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሞባይሉ የሚደርሰው በአቅራቢያው ጉብታ ላይ እስከቆመው ማማ፣ ይኸውም ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቅብብሎሽ ነው። ከማርኮኒ ተነሥቶ ሩቅ ለመድረስ ሲታገል የኖረው ጥበብ፣ ዓለምን ሁሉ የሸፈነው ቅርብ መናገርን ሲማር ነው።

የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ

በዘመናችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ዋይፋይ አላቸው፤ ሞገዱ ግን ከኮምፒዩተሩ ክፍል አልፎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አይደርስም እየተባለ ይነገራል። ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ የበለጠ ኃይል ያለው መሣሪያ መግዛት ነው። ከዚህ ታሪክ የተማረ መምህር ግን አስቀድሞ ሌላ ይጠይቃል። ሳጥኑ ከጠረጴዛ ሥር ነው ወይስ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል? በመካከል ሞገዱን የሚመልስ የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም ወፍራም የግንብ ግድግዳ አለ? አንቴናው ወደሚፈለገው ወገን ዞሯል? ጎረቤት ያለው ሌላ መሣሪያ በዚያው ቻነል እየሠራ ያበላሸዋል? በመካከል አንድ አቀባይ መሣሪያ ቢቆምስ? ደግሞም ሳጥኑ የቱንም ያህል ቢጮህ የተማሪው ሞባይል መልሱን የሚልክበት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ሊሰማው ካልቻለ ግንኙነት የለም። የኤል 59 ታሪክ እዚህም ይሠራል።

ለክፍል ውይይት የሚከተሉትን ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1. 900 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ጫፍ በሜዳ ላይ አድማሱ ምን ያህል ይርቃል? አድማሱን እጥፍ ለማድረግስ ምን ያህል ከፍታ ያስፈልጋል?
2. በአንድ ራዲዮ ቀን እኩለ ቀንና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በመካከለኛ ሞገድ የሚሰሙትን ጣቢያዎች ቁጠሩ፤ ልዩነቱን አስረዱ።
3. የካሚና መፍረስና የዛሬው የሞባይል ማማ መቋረጥ በምን ይመሳሰላሉ?
4. በ1935 የአቃቂ ድምፅ ለዓለም ደርሶ ርዳታ ያልመጣው የራዲዮው ርቀት አንሶ ነውን? ካልሆነ ምን ጎደለ?

አራተኛውን ጥያቄ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተከራክረው እንዲመልሱት ብንተወው መልካም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በስሌትና በምርመራ ይገኛል። የአራተኛው ግን ስለ ሞገድ ሳይሆን ስለ ሰው የሚጠይቅ ነው። ከገደሉ ማዶ ሰው ሲጣራ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው፣ አልሰማሁም ሊል አይችልም። ርቀቱን ያሳጠሩልን ሳይንቲስቶች ያን ምክንያት ከእጃችን ወስደውታል፤ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።